የባለሙያ ምላሽ፦ የቴአትር ቡድን ከፋውንዴሽን ድጋፍ የሚጠይቀው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ «ለገጣፎ ውስጥ በተከራየነው የቆርቆሮ መጋዘን ቴአትር የምንሠራ ዘጠኝ ወጣቶች ነን። ሁለት አጫጭርና አንድ ሙሉ ቴአትር ሠርተን ለሰፈሩ ሰው አሳይተናል። አሁን አዳራሽ ለመሥራት፣ መብራትና የድምፅ ዕቃም ለመግዛት 3 ሚሊዮን ብር ያስፈልገናል። ለሁለት የውጭ ፋውንዴሽኖች ጽፈን ሁለቱም ምክንያት ሳይነግሩን አልተቀበሉንም። አንድ ሰው ደግሞ ‹ኤንጂኦ ካልሆናችሁ ማንም አይሰጣችሁም፤ ፈቃዱን አወጣላችኋለሁ፣ ፕሮፖዛሉንም እጽፋለሁ› ብሎ 40,000 ብር በቅድሚያ፣ ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ 15 በመቶ ጠይቆናል። እንግሊዝኛችን ደካማ ስለሆነ እሺ ልንለው ነው። ጌትስ ፋውንዴሽን አዲስ አበባ ቢሮ ስላለው ከዚያ ብንጀምርስ? ምን ይመክሩናል?»

መልስ፦ ለሰውየው አትክፈሉት። ስለ እሱ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ፤ ከፈቃዱም ከእንግሊዝኛውም የሚቀድም ጉዳይ አለ። የጠየቃችሁት ነገርና የጠየቃችኋቸው ድርጅቶች አይገናኙም። ሁለቱ ማመልከቻዎች የወደቁት በቋንቋ ምክንያት ይመስላችኋል። ማመልከቻ በሚመርጡ ኮሚቴዎች ውስጥ ተቀምጬ ካየሁት ተነስቼ ስገምት ግን አንባቢው «3 ሚሊዮን ብር ለአዳራሽ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፋይሉን ዘግቶታል።

ፋውንዴሽን ገንዘቡን የሚያወጣው በመመሥረቻ ጽሑፉ ለሰፈረው ዓላማ ብቻ ነው። የየዓመቱንም ገንዘብ አስቀድሞ ይከፋፍለዋል፦ ይህ ለጀማሪ አርቲስቶች፣ ይህ ለአዲስ ሥራ ዝግጅት፣ ይህ ለጉዞ፣ ይህ ለተቋም ማጠናከሪያ እያለ። አንባቢው ከእነዚህ በአንዱ ሊያስገባችሁ ካልቻለ፣ ሥራችሁን ቢወደውም እጁ የታሰረ ነው። ግንባታ ደግሞ በአብዛኛው የኪነ ጥበብ ድጋፍ ውስጥ ቦታ የለውም። ንፍገት እንዳይመስላችሁ። መሬት በአገራችን የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው የሚኖረው የይዞታ መብት ነው፤ እናንተ ደግሞ ያንንም የላችሁም፣ ተከራዮች ናችሁ። አከራያችሁ ነገ «ልሸጠው ነው፣ ልቀቁልኝ» ቢላችሁ የተተከለው መድረክ ለማን ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ገንዘብ የሚለቅ ለጋሽ አላየሁም። ዕቃ መግዛት ትንሽ ይሻላል፤ አንዳንዶቹ ከጠቅላላው በጀት የተወሰነውን ድርሻ ለዕቃ ይፈቅዳሉ። ማመልከቻው በሙሉ የዕቃ ዝርዝር ሲሆን ግን እነሱ የሚያዩት ቴአትር ሳይሆን ሱቅ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ችግርን ማስቀደም ነው። የላካችሁልኝ የማመልከቻ ቅጂ አንደኛ ገጽ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ሱስ፣ ስለ ስደት ያወራል። ሁሉም እውነት ነው። ዳሩ ግን ከናይሮቢም፣ ከዳካርም፣ ከካምፓላም የሚመጣው ማመልከቻ በዚሁ አንቀጽ ይጀምራል። በቴአትራችሁ መድረክ ላይ ምን እንደሚሆን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ አራተኛው ገጽ ድረስ አላገኘሁም። አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነገር አገኘሁ፦ የእርሻ መሬታቸው ወደ ከተማ የገባባቸው ሽማግሌ ከኮንዶሚኒየም ጥበቃ ጋር በአንድ ሌሊት የሚያወሩት። ይህን ከለገጣፎ ሌላ ማን ይጽፈዋል? ኮሚቴ ላይ የተቀመጠ የቴአትር ባለሙያ ቀና ብሎ የሚያነበው ይህን ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ እሱ ይሁን። ሥራ አጥነቱ ካስፈለገ በኋላ በሁለት መስመር ይምጣ።

ጌትስ ፋውንዴሽን አዲስ አበባ ላይ ቢሮ አለው፤ ግን በዋናነት የሚሠራው በጤናና በግብርና ላይ ነው፤ ገንዘቡንም በአብዛኛው የሚሰጠው ራሱ አጥንቶ ለመረጣቸው ተቋማት ነው። ቢሮው ቅርብ መሆኑ አይጠቅማችሁም። እግረ መንገዴን፦ «ስለ ጤና ድራማ እንሥራና በዚያ እንግባ» የሚል ሐሳብ በየቡድኑ ይነሳል። የጤና ድርጅት የማስተማሪያ ድራማ ሲያሠራችሁ ገንዘቡ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ሠርታችሁ ብትበሉበት ክብር እንጂ ነውር የለውም። የኪነ ጥበብ ድጋፍ ግን ሌላ ነው፤ መልእክቱን የሚመርጠው ከፋዩ ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ስትደባልቁ በሁለቱም በኩል ትወድቃላችሁ።

ታዲያ ማን ይሰጣል? መልሱ ለማን እንደሚጠየቅ ይለያያል። ለግለሰብ አርቲስት የሚሰጡ አሉ። መቀመጫውን አምስተርዳም ያደረገውና በ1996 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ በሙያቸው የመጀመሪያ ዓመታት ላይ ላሉ አርቲስቶች ሲድ አዋርድ የሚባል 5,000 ዩሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ይህ ለአንድ ሰው እንጂ ለቡድን አይደለም፤ ኤንጂኦ መሆንንም አይጠይቅም። ለተቋማት ብቻ የሚሰጡም አሉ። በ2005ቱ የዩኔስኮ የባህል ብዝኃነት ስምምነት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ ፈንድ ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100,000 ዶላር ይደርሳል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን አጽድቃ ገብታበታለች። ግለሰብ ግን ማመልከት አይችልም፤ የሚወዳደሩትም የዓመታት የሥራና የሒሳብ ታሪክ ያላቸው ድርጅቶችና የመንግሥት ተቋማት ናቸው፤ በአገር ውስጥም ማጣሪያ አለው። ለእናንተ ዛሬ አይሆንም። ሦስተኛዎቹ አጋር የሚጠይቁ ናቸው፦ የጎተ ኢንስቲትዩት የጋራ ፕሮዳክሽን ፈንድ ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ አብሮ የሚሠራ ቡድን እንዲኖር ይፈልጋል። ለጉዞ ብቻ የሚሰጡም አሉ፤ ፌስቲቫል ላይ ስትጋበዙ የምትፈልጓቸው እነዚያን ነው። ከእነዚህ ሌላ አዲስ አበባ ያሉት የባህል ተቋማትና ኤምባሲዎች ገንዘባቸው ትንሽ ቢሆንም አዳራሽ፣ መብራት፣ ባለሙያና ታዳሚ አላቸው። ለጀማሪ ቡድን አንዳንዴ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ይበልጣል። ደንቡ ከዙር ዙር ስለሚቀያየር የአምናውን ጥሪ አንብባችሁ የዘንድሮውን አትሙሉ።

አሁን ወደ ፈቃዱ። «ኤንጂኦ ካልሆናችሁ ማንም አይሰጣችሁም» የሚለው ስህተት መሆኑ ከላይ ከተባለው ይታያል። ምዝገባ ራሱ ግን መጥፎ ነገር ስላልሆነ ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባችኋል። የቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ብዙ ሰው አስፈራርቶ ያለፈ ሕግ ነው፤ በዚያ ዘመን የተመዘገቡ ሰዎች አሁንም ስለ 10 በመቶ የውጭ ገንዘብ ገደብና ስለ 70/30 (ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር) ያወሩላችኋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ተክቶታል። አሁን በአባላት የሚተዳደር ማኅበር ለመመሥረት አምስት ሰው ይበቃል፤ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ከሆነ ሁለት መሥራች። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው 20 በመቶ ነው። ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትም ይፈቀዳል፤ ስለዚህ ቲኬት መሸጥ አያስቀጣችሁም።

የእናንተ ጉዳይ ግን ከከተማው ጠርዝ ላይ በመሆኑ አንድ ተጨማሪ ነገር አለበት፤ ሰውየው ይህን ሳይጠይቃችሁ «ፈቃድ አወጣለሁ» ማለቱም ጥርጣሬዬን ጨምሮታል። የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የሚመዘግበው አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ውስጥ የሚሠሩትን፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚንቀሳቀሱትንና የውጭ ድርጅቶችን ነው። በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ድርጅት የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ ነው። ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ አካል የሆነች የኦሮሚያ ከተማ ናት። ከአያት አደባባይ ታክሲ ይዛችሁ ስትመጡ ድንበሩ የት እንዳለፈ ልብ ላትሉ ትችላላችሁ፤ ለምዝገባ ግን ወሳኝ ነው። የምትለማመዱት ለገጣፎ፣ የምታሳዩት አያት ትምህርት ቤትና ፒያሳ ከሆነ የሥራ ክልላችሁ ሁለት ቦታ ነው ማለት ነው። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ በትክክል ካልተጻፈ ከተመዘገባችሁ በኋላ ከለጋሽ ጋር ስትዋዋሉ «የተፈቀደላችሁ እዚህ ብቻ ነው» የሚል ችግር ይመጣባችኋል።

ከምዝገባ በኋላም ሥራ አለ። ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት፣ ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ማስገባት፣ የሒሳብ ሠራተኛ መያዝ። ዘጠኝ ሰው ሆናችሁ ከመካከላችሁ አንዱ ተዋናይነቱን ትቶ የወረቀት ሰው ይሆናል። ገንዘብ ገና ሳይኖር ይህን ሸክም መሸከም ቡድን ሲያፈርስ አይቻለሁ። ሌላ የሚምታታ ነገር፦ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታችሁ ከሆነ ያ የንግድ ምዝገባ ነው። ለብድርና ለመሥሪያ ቦታ ይጠቅማል፤ አብዛኛው ፋውንዴሽን ግን ትርፍ ለማግኘት እንደተቋቋመ ድርጅት ያየዋል።

በመካከሉ ያለው መንገድ በተመዘገበ ድርጅት በኩል ማመልከት ነው። ድርጅቱ ገንዘቡን በሒሳቡ ይቀበላል፣ ለለጋሹ ተጠያቂ ይሆናል፣ ሥራውን ግን እናንተ ትሠራላችሁ። ለዚህ አገልግሎት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያስቀራል፤ ይህም በበጀቱ ላይ በግልጽ ይጻፋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሁለት ቦታ ላይ ነው። የድርጅቱ ደንብ ውስጥ ባህል ወይም ኪነ ጥበብ የሚል ዓላማ ከሌለ፣ የአክስታችሁ ልጅ የሚሠራበት ቢሆንም አይሆንም፤ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት የቴአትር ገንዘብ ሲቀበል ለጋሹም ተቆጣጣሪውም ይጠይቃሉ። ሁለተኛ፣ ስምምነታችሁ በጽሑፍ ይሁን፦ ገንዘቡ በስንት ቀን ውስጥ ለእናንተ ይለቀቃል፣ የተገዛው ዕቃ የማን ነው፣ ሪፖርቱን ማን ይጽፋል፣ ማን ይፈርማል። በወዳጅነት የተጀመረ ነገር ነው ብሎ ይህን መዝለል ወዳጅነቱንም ገንዘቡንም ያሳጣል።

ስለ እንግሊዝኛ ያላችሁ ፍርሃት ከሚገባው በላይ ነው። መራጮቹ ብዙዎቹ ራሳቸው እንግሊዝኛን ተምረው የያዙት ሰዎች ናቸው፤ የሰዋስው ስህተት ሰው አይጥልም። የሚጥለው ባዶ ቃል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ወይም ከመካከላችሁ ጸሐፊው በሚያስብበት በአፋን ኦሮሞ፣ ለጎረቤት እንደምታስረዱት አድርጋችሁ ጻፉት። ከዚያ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ይተርጉመው። በማሽን ከተረጎማችሁትም ቴአትሩን የሚያውቅ ሰው መስመር በመስመር ያንብበው፤ ማሽኑ «መድረክ» ያላችሁትን የስብሰባ መድረክ ሊያደርገው ይችላል።

ከሰዋስው ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ስማችሁ ነው። በፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት ፊደል፣ በባንክ ደብተር ሌላ፣ በማመልከቻው ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ገንዘብ መጥቶ በባንክ መሐል የቀረበት ሰው ጥቂት አይደለም። በላቲን ፊደል ስማችሁን የምትጽፉበት አንድ መንገድ ምረጡ፣ ፓስፖርት ካለ የፓስፖርቱን፣ የአባትና የአያትን ስም ጨምሮ፤ ሁሉም ቦታ ያው ይሁን። የልደት ዘመንም እንዲሁ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት ሳትቀይሩ ብታስገቡ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ትበልጣላችሁ፤ የዕድሜ ገደብ ባለበት ጥሪ ይህ ብቻውን ያስወድቃል።

የሥራ ናሙና ማመልከቻውን ከሚያነሱት ነገሮች ትልቁ ነው፤ የእናንተ ግን ደካማ ነበር። ቪዲዮው በሙዚቃ የታጀበ፣ በየሁለት ሰከንዱ የሚቀያየር የምስል ጥርቅም ነው። ይህ ለቲክቶክ ያምራል፤ መራጭ ግን ተዋናዩ ሲተነፍስ፣ ዝም ሲል፣ ሲመልስ ማየት ይፈልጋል። ከሽማግሌውና ከጥበቃው ትዕይንት ሳይቆረጥ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቅረጹ። ስልክ ይበቃል፤ ድምፁን ግን ለብቻ በሁለተኛ ስልክ ተዋናዮቹ አጠገብ አድርጋችሁ ያዙ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ማሚቶ ቃሉን ይበላዋልና። ዝናብ በማይኖርበት ሰዓት ይሁን። የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ይኑረው። የቴሌግራም ሊንክ አትላኩ። ዩቲዩብ ላይ ሊንኩ ያለው ብቻ እንዲያየው አድርጋችሁ ጫኑትና በሌላ ሰው ስልክ፣ በሌላ አካውንት ክፈቱት። በጎግል ድራይቭ የተላከ የተቆለፈ ፋይል መራጩ ፈቃድ እስኪሰጠው ድረስ አይጠብቅም፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

በጀት ላይ ረዘም ልበል፤ ሐቀኝነታችሁ የሚለካው እዚያ ነው። በናሙናነት የያዛችሁት በጀት የልማት ድርጅት በጀት ይመስላል፦ ወርክሾፕ፣ የውሎ አበል፣ ስቴሽነሪ። አንድ ቴአትር ከመጀመሪያው ልምምድ እስከ መጨረሻው ትርኢት የሚያስወጣውን ቀን በቀን አስቡ። ዘጠኝ ሰው ለሁለት ወር በሳምንት አራት ቀን ይለማመዳል። ከአያትና ከካራ የሚመጡት ታክሲ ይከፍላሉ፤ ልምምዱ ሲመሽ መኪናው ስለሚጠፋ ራይድ መጥራት ግድ ነው፤ ሴት ተዋናዮቻችሁ በሰላም ቤታቸው የሚገቡበት ወጪ ስለሆነ ሳታፍሩ ጻፉት። መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተር ኪራይና ቤንዚን አለ። የመብራት ዕቃ ግዢ ሳይሆን ኪራይ አድርጉት። አልባሳት፣ የመድረክ እንጨት፣ ፖስተር፣ የቪዲዮ ቀራጭ፣ የአዳራሽ ኪራይ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የራሳችሁ ክፍያ።

የላካችሁት በጀት ላይ የተዋናይና የጸሐፊ ክፍያ ዜሮ ነው። በልባችሁ «እኛ በነጻ ስንሠራ አይተው ያደንቁናል» ብላችሁ ይሆናል። መራጩ የሚያስበው ግን እነዚህ ልጆች ሁለት ወር ምን ይበላሉ፣ አንዱ የቀን ሥራ ሲያገኝ ልምምዱ ይፈርሳል ብሎ ነው። ዛሬ ኪነ ጥበብን የሚደግፉ ብዙ ፋውንዴሽኖች ለባለሙያው ተገቢ ክፍያ መኖሩን ራሳቸው ይጠይቃሉ። በእኔ እምነት ከእንዲህ ዓይነት በጀት ግማሽ ያህሉ ለሰው ቢሆን ትክክል ነው። ሥራ ነው የምትሠሩት።

ምንዛሪውንም አስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ያቀዳችሁት ዋጋ ገንዘቡ እስኪመጣ ባለበት አይቆይም። ስለዚህ በሚሰጡበት ገንዘብ፣ በዩሮ ወይም በዶላር ጻፉ፣ የተጠቀማችሁበትን የምንዛሪ ቀንና ባንክ ከሥሩ አስቀምጡ፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ የመጨረሻው ክፍል የሚለቀቀው ሪፖርት ካስገባችሁ በኋላ ነው። ያ ክፍል እስኪመጣ ከየት እንደምትሸፍኑ አሁኑኑ ካላወቃችሁ ተዋናዮቻችሁን በዕዳ ታስቀምጣላችሁ። ደረሰኝም አለ። ከመርካቶ በርካሽ ያለ ደረሰኝ የገዛችሁት ጨርቅ በሪፖርት ላይ የለም ማለት ነው። ለታክሲና ለጉልበት ደረሰኝ ስለማይገኝ የተቀባዩ ስም፣ ቀን፣ መጠንና ፊርማ ያለበት የክፍያ ሰነድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ያዙ፤ ይህ እንደሚያስኬድም ለጋሹን አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ።

የመዝጊያ ሰዓት ላይ አጭር ማስጠንቀቂያ። ጥሪው «17:00 በአምስተርዳም ሰዓት» ካለ በእነሱ የብርድ ወራት ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ በእነሱ የሙቀት ወራት ደግሞ ከቀኑ 12 ሰዓት። በመጨረሻው ሌሊት ኔትወርክ ሲጨናነቅ ቪዲዮ መጫን አይሞከርም። ከሦስት ቀን በፊት አስገቡ።

ምክንያት ሳይነገራችሁ መውደቃችሁ ንቀት አይደለም። ለአንድ ጥሪ የሚመጣው ማመልከቻ ብዛት ለእያንዳንዱ መልስ ለመጻፍ አያስችልም። የመጀመሪያው ማጣሪያ ሥራችሁን ጭራሽ አያይም፤ አገር፣ ዕድሜ፣ የሕግ ሰውነት፣ የገንዘብ ጣሪያ ብቻ ነው የሚያየው። ከሁለቱ አንዱ ጣሪያው 10,000 ዩሮ እንደነበር ከላካችሁት ጥሪ አይቻለሁ፤ 3 ሚሊዮን ብር ከዚያ በብዙ ይበልጣል። አንድ ጊዜ በትሕትና ጻፉላቸውና አስተያየት ካላቸው ጠይቁ። ካልመለሱ ተዉት፤ በሚቀጥለው ዙር ግን እንደገና ማመልከት ይቻላል።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ጸሐፊ ወይም ተርጓሚ ቀጥሮ የታወቀ ክፍያ መክፈል የሚያስነውር አይደለም። ከሚመጣው ገንዘብ ድርሻ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ለጋሾች ለገንዘብ ፈላጊ ኮሚሽን መክፈልን በውል ይከለክላሉ፤ ከውሉ በፊት የወጣ ወጪንም አይቀበሉም። ያ 15 በመቶ ከየትኛው የበጀት መስመር ሊወጣ ነው? ወይ ከተዋናዮች ክፍያ፣ ወይ በሐሰት ደረሰኝ። በሐሰት ደረሰኝ ከተያዛችሁ ስማችሁ በአንዱ ፋውንዴሽን ብቻ አይጠፋም፤ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ደግሞም እንዲህ ያሉ ጸሐፊዎች አንዱን ጽሑፍ ስም እየቀየሩ ለብዙ ቡድን ይሸጣሉ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኝ ሁለቱም ይጣላሉ። በኢሜይል «አሸንፋችኋል፣ ለማስተላለፊያ ይህን ያህል ላኩ» የሚል ከመጣም አትመልሱለት። አንዳንድ ፌስቲቫሎች የመመዝገቢያ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ድጋፍ የሚሰጥ ፋውንዴሽን ግን ለሚሰጣችሁ ገንዘብ በቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው። አዳራሹን ለጊዜው ተዉት። ለሰውየው ልትሰጡት ካሰባችሁት 40,000 ብር ላይ ጥቂቱን አውጥታችሁ የሽማግሌውንና የጥበቃውን ቴአትር ባላችሁ መጋዘን ሁለት ምሽት አሳዩት፣ በሚገባ ቅረጹት፣ የታዳሚውን ቁጥር መዝግቡ። ከዚያ ሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ ያዙ። ጸሐፊያችሁ በራሷ ስም ለጀማሪ አርቲስት የሚሰጥ የግለሰብ ድጋፍ ታመልክት፤ ተውኔቱ የእሷ ነው፣ ዕድሜዋም ሙያዋም ይገጥማል። ቡድኑ ደግሞ አዲስ አበባ ካሉት የባህል ተቋማት ለአንዱ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ 3 ሚሊዮን ሳይሆን ይህን ቴአትር በእነሱ አዳራሽ ለማሳየት የሚያስፈልገውን ብቻ ይጠይቅ። ምላሹ ወራት ይወስዳል፤ ግማሽ ዓመትም ሊሆን ይችላል፤ በዚያ መሐል የመጋዘኑን ኪራይ የሚከፍለው ድጋፍ ሳይሆን እንደ እስከ ዛሬው የራሳችሁ መዋጮና ቲኬት ነው። በዚህ መንገድ አንድ ሥራ በሰው ገንዘብ ጨርሳችሁ፣ ሪፖርቱን በሰዓቱ አስገብታችሁ፣ ሒሳቡ ከደረሰኙ ጋር ሲገጥም፣ ምዝገባው ያን ጊዜ ይምጣ። የሚያስፈልጋችሁን ትልቅ ገንዘብ የሚያስጠይቃችሁ ያ ሪፖርት ነው።

ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል፤ ቡድኖች የሚዘነጉት ስለሆነ በጥብቅ እላችኋለሁ። የግለሰብ ድጋፍ በሕግ የአመልካቿ ገንዘብ ነው። 5,000 ዩሮ በእሷ ሒሳብ ሲገባ ስምንታችሁ «የቡድኑ ነው» ትላላችሁ፤ እሷም «የእኔ ነው» ብትል ልክ ትሆናለች፣ እናንተም የደከማችሁበት ነውና አትሳሳቱም። ገንዘቡ ሳይመጣ፣ ፍቅራችሁም እንዳለ ሆኖ፣ ቁጭ በሉና ምን ያህሉ ለተውኔቱ ዝግጅት እንደሚውል፣ ለእያንዳንዱ ተዋናይ ስንት እንደሚከፈል፣ ለእሷ ምን እንደሚቀር፣ የሚገዛ ዕቃ ካለ ቡድኑ ቢበተን ለማን እንደሚሆን በአንድ ገጽ ጻፉ። ዘጠኛችሁም ፈርሙበት፣ ዘጠኛችሁም ቅጂ ያዙ።